ቪትዟና የሳሳው አየር

ቅዳሜ ማታ ነው። ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤም እጄ የፍሬን ዘይት ይሸታል። ሱሉልታ ካለው ጋራዥ አሁን መግባቴ ነው። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ ትራክ ላይ የምወዳደርባት። ሞተሯ 1.3 ሊትር፣ ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው። ፋብሪካው 87 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይላታል። ያ ግን ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል። ከ87ቱ እዚህ የሚተርፈኝ 65፣ ቢበዛ 70 ነው።

ይህን ለመቀበል አንድ ዓመት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ማርሚታውን፣ የጭሱን ድምፅ ማፈኛ፣ አስቆርጬ ወፍራም ቱቦ አስበየድኩ። ድምፁ ሰፈሩን ይቀሰቅስ ነበር። ሰዓት ይዘን ስናየው ግን ከአንድ ዙር ላይ ምንም አልቀነሰም። ጭራሽ ከመታጠፊያ ስወጣ ትደክም ጀመር። ቀጥሎ ክፍት ፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ) ገጠምኩ። እሱ ደግሞ ኮፈኖ ሥር የታፈነውን የጋለ አየር ይስባል፤ የጋለ አየር ይበልጥ የሳሳ ነው። ሁለቱንም አስወጥቼ የፋብሪካውን መለስኩ። ያ ብር እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቁት፣ አስለካሁ። ቁጥሩ ማኑዋሉ ላይ ካለው ሩብ ያህል አንሶ ሳየው ክው አልኩ። መካኒኩ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ጌጁን አይተው ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም።

«አንተ ልጅ፣ ሞተሩ ምን ያድርግ? የሰጠኸውን አየር ነው የሚያምቀው። አራቱ ሲሊንደር እኩል ናቸው ወይ? እኩል ከሆኑ አትንካው።»

እኩል ነበሩ። አልነካሁትም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ጤነኛ ሞተር ይዞ መፈታታት በዚህ ጊዜ ያስፈራኛል።

ስለዚህ ወደ ክብደት ዞርን። የኋላውን ወንበር፣ ትርፍ ጎማውን ከነክሪኩ፣ ስፒከሮቹን፣ ምንጣፉን አወጣን። ከጋራዡ አጠገብ ወፍጮ ቤት አለ። ባለቤቱን ለምኜ ሁሉንም በእህል ሚዛኑ መዘንኩ። 58 ኪሎ። ጤፍ ይዘው ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ሸክም ሲቀልላትማ በቅሎም ትሮጣለች» አሉኝ። ልክ ናቸው። መኪናዋ 900 ኪሎ አካባቢ ናት። 58 ኪሎ ማውረድ አራት የፈረስ ጉልበት እንደመጨመር ነው። ደግሞ ጉልበት የሚጠቅመኝ ነዳጅ ስረግጥ ብቻ ነው፤ ቅለት ግን ፍሬን ስይዝም፣ ስታጠፍም ይጠቅመኛል። የምንወዳደርበት ትራክ ጠባብና ጥምዝማዛ ስለሆነ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዋናው ነገር ግን ፍሬኑ ነው። ዛሬ የዋልነውም እሱ ላይ ነው።

ባለፈው ወር በስድስተኛው ዙር ፔዳሉ ወለል ነካ። ረገጥኩ፣ የለም። ደግሜ ረገጥኩ፣ ትንሽ ያዘ። ወደ ሁለተኛ ማርሽ አውርጄ ሣሩ ላይ አቆምኳት። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ከመኪናው ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያን ቀን ለእናቴ ስልክ ማንሳት አቃተኝ።

ዛሬ ጋሼ መጀመሪያ ከፔዳሉ በጣም የሚርቀውን የኋላ ጎማ አወለቁ። የፍሬኑን ማስተንፈሻ በስስ የፕላስቲክ ቱቦ ከሃይላንድ ጠርሙስ ጋር አገናኙትና ጠርሙሱን አስያዙኝ። ረዳታቸው ልጅ መሪ ላይ ተቀመጠ። «ርገጥ! ያዝ!» ይላሉ፣ የማስተንፈሻውን ብሎን ሩብ ዙር ያላላሉ፣ ያጠብቃሉ፣ «ልቀቅ!» ይላሉ። መጀመሪያ የወጣው ዘይት ቡና ይመስላል። ቀጥሎ አረፋው መጣ። የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ አረፋዎች በቱቦው ውስጥ ተከታትለው ሲወርዱ አየሁ። መኪናዬን ፍሬን ያሳጣት ያ ነበር። ዘይት አይታመቅም፤ አየርና እንፋሎት ይታመቃሉ። ስረግጥ የማምቀው አየሩንና እንፋሎቱን ነበር።

የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃው ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላችን ቶሎ የማይበስለውም ለዚሁ ነው። እርጥበት የገባበት ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል፤ እንፋሎቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። በዚያ ላይ የሳሳ አየር የጋለ ዲስክ የማቀዝቀዝ አቅሙ ደካማ ነው። ሞተሬን ያደከመው አየር ፍሬኔንም ሲበድል ነበር ማለት ነው። ስንት ወር ስለ ሞተሩ ብቻ ሳስብ!

ዶት 3 የሚባል ደረጃ የነበረውን የፍሬን ዘይት በዶት 4 ቀየርነው። አዲስ ሲሆን ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ሳይፈላ ይቆያል። የፍሬን ሸራውንም አዲስ አደረግን።  አራቱም ጎማ ሲያልቅ ገብቼ ረገጥኩ። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ እንደ ድንጋይ ቆመ። እግሬን ሳላነሳ ብዙ ቆየሁ። ጋሼ በመስኮት አይተውኝ ምንም አላሉም፤ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሄዱ።

የቀረን የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ ነው። ጋሼ በማሽን ከሚለካው ይልቅ መኪናዋን ዙሪያ ሲባጎ ወጥረው በማስመሪያ መለካት ይመርጣሉ። ጠዋት ንፋሱ ሳይነሳ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ድረስ ብለውኛል። ሲባጎውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።