‹‹ጠንካራ›› ስንት ግራም ነው?

አራት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜና እሁድ ዓሣ እናጠምዳለን። በዓመት ሁለት ሦስቴ ደግሞ ጫሞ ወይም ጣና ድረስ እንሄዳለን። ለቆሮሶ የሚሆን ቀጭን ዘንግ አይጠፋም። ለጫሞው ትልቅ ዓሣ ለናይል ፐርች የሚችል፣ ያውም ተፈታትቶ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ግን ፈልገን አጣን። ስለዚህ ገንዘብ አዋጥተን 12 ዘንግ በትእዛዝ ለማሠራት ተነሣን። ፋብሪካው ዌይሃይ ነው፤ በቻይና ሻንዶንግ ግዛት ያለች፣ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በብዛት የሚመረትባት የባሕር ዳር ከተማ።

ስፔሲፊኬሽኑን፣ ማለትም ፋብሪካው የሚሠራበትን ዝርዝር ልክ የመጻፍ ሥራ የእኔ ድርሻ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ነገር ለማሠራት ላሰባችሁ ይጠቅማል ብዬ እስካሁን የደረስንበትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ጽሑፌ ግማሽ ገጽ ነበር። ‹‹ርዝመቱ 7 ጫማ ወይም 2.10 ሜትር፤ ጠንካራ፤ ቀላል፤ ጫፉ ፈጣን፤ ለጉዞ የሚመች።›› አራታችንም አንብበን ተስማማን። ሳምፕሉ ሲመጣ ግን ያሰብነው ዘንግ አልነበረም። 7 ጫማ ማለት 2.13 ሜትር ነው፤ 2.10 አይደለም። ሁለት ልክ ስለሰጠናቸው አንዱን መርጠው ሠሩ። ‹‹ለጉዞ የሚመች›› ያልነውን ደግሞ ለሁለት የሚከፈል አደረጉት። አንዱ ክፋይ ብቻ ከ1 ሜትር በላይ ሆነ። ሠራተኞቹ ምንም አላጠፉም፤ የጻፍነውን ነው የሠሩት። አሁን የምጽፈው በሜትሪክ ብቻ ነው፦ ተገጣጥሞ 2,100 ሚሊሜትር፣ አራት ክፋይ፣ ትልቁ ክፋይ ከ580 ሚሊሜትር የማይበልጥ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ‹‹ጠንካራ›› የሚለው ቃል ነው። ‹‹ሚዲየም›› ወይም ‹‹ሄቪ›› ብሎ መጻፍም አያድንም፤ አንዱ ፋብሪካ ሚዲየም ያለውን ሌላው ሄቪ ይለዋል። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ ጋ ያለ፣ ጫሞ ላይ አምስት ዓመት ያገለገለ ዘንግ አመጣንና እሱን ለካነው።

እጀታውን ከጠረጴዛ ጋር በማሰሪያ ጠፍረን ዘንጉን አግድም ዘረጋነው። የጫፉን ከፍታ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግን። ከዚያ 70 ሳንቲሜትር ወደ ታች ለክተን ሌላ መስመር አሰመርን። የዘንጉ ርዝመት አንድ ሦስተኛ መሆኑ ነው። ጫፉ ላይ ፌስታል አንጠለጠልን። ምስማር እየቆጠርን ጨመርንበት። ዘንጉ ቀስ እያለ ጎበጠ። ጫፉ የታችኛውን መስመር ሲነካ ፌስታሉን አውርደን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ 415 ግራም። ሳምፕሉን በዚሁ መንገድ ስንለካው 260 ግራም ላይ መስመሩን ነካ። ‹‹ጠንካራ›› ብለን ስንከራከርበት የከረምነው ነገር ይኸው ቁጥር ሆኖ መጣ! በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ዘዴው የእኛ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዘንግ የሚሠሩ ሰዎች በምስማር ፈንታ ፔኒ የሚባለውን የአገሩን ሳንቲም ይጠቀማሉ። ከ1982 እ.ኤ.አ. በኋላ የተመታው ፔኒ 2.5 ግራም ስለሚመዝን ሳንቲሙን ቆጥረው ክብደቱን ያውቃሉ።

‹‹ጫፉ ፈጣን›› የሚለውንም እንደዚሁ ፈታነው። ፈጣን ዘንግ ማለት በአብዛኛው ላይኛው አንድ ሦስተኛው ላይ የሚጎብጥ ነው። ዘንጉ ጎብጦ እንዳለ ግድግዳው ላይ በየ20 ሳንቲሜትሩ ነጥብ አድርገን፣ ነጥቦቹን አገናኝተን፣ ፎቶውን ከነልኩ አያያዝን። ፋብሪካውም የሚያወዳድርበት ነገር አገኘ።

ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች እንዳትንቁ። የእኛ ሪል (ክሩ የሚጠቀለልበት መሣሪያ) መጠኑ 4000 ቁጥር ነው፤ ክሩ ሲወረወር ሰፊ ጥምዝ እየሠራ ይወጣል። የመጀመሪያው ሳምፕል ላይ ለእጀታው የሚቀርበው ቀለበት 16 ሚሊሜትር ነበር። ክሩ እየተጋጨ ጧ ጧ ይል ነበር፤ ውርወራውም አጠረ። አሁን ከ30 ሚሊሜትር ጀምሮ ወደ ጫፍ እያነሰ የሚሄድ፣ ሰባት ቀለበትና አንድ የጫፍ ቀለበት ብለናል። የእያንዳንዱን ርቀትም ከጫፍ ጀምረን በሚሊሜትር አስፍረናል። የክሩን መንገድ የምታረጋግጡት ዘንጉን በጭነት አጉብጣችሁ ነው። ክሩ የጉብጠቱን ቅርጽ መከተል አለበት። በሁለት ቀለበቶች መካከል ተቆርጦ ወደ ውስጥ ከገባ ሌላ ቀለበት ያስፈልጋል፤ ወይም ያሉትን ማጠጋጋት ነው።

ሪሉ የሚቀመጥበት ቦታም ተነቃነቀ። ቁጥሩን ብቻ ከመጻፍ የሪሉን እግር ርዝመትና ውፍረት በካሊፐር ለክተን ላክን። እጀታው ከሪሉ እስከ መጨረሻው 380 ሚሊሜትር ነው። ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ሲጠመድ ከዚህ ከረዘመ ልብስ ይይዛል። አራት ክፋይ ማለት ሦስት መገጣጠሚያ ነው፤ የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው። ስለዚህ ሌላኛው ክፋይ የሚገባበት አፍ ሁሉ በክር ተጠምጥሞ ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ይታሸግ ብለናል።

በቁጥሮቹ ሁሉ አጠገብ የሚፈቀደውን ልዩነት ጽፈናል። ርዝመት ላይ 5 ሚሊሜትር፣ ጭነቱ ላይ 5 ከመቶ። ይህን የረሳ ሰው 12ቱ ዘንግ 12 ዓይነት ሆኖ ሲመጣ የሚከራከርበት ወረቀት አይኖረውም።

ሁለተኛው ሳምፕል ባለፈው ሳምንት ገባ። 402 ግራም ላይ መስመሩን ነካ፤ ተቀባይነት ያለው ነው። ርዝመቱም ልክ ነው። ሦስተኛው ቀለበት አጠገብ ግን ክሩ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ይገባል፤ 20 ሚሊሜትር ወደ ጫፍ እንዲጠጋ ጽፈናል። የጫፉ ቀለበት ላይ የፈሰሰው ኢፖክሲም ወፍራም ነው፤ ጫፉን ያከብደዋል።

የመጡት ሁለት አንድ ዓይነት ዘንጎች ናቸው። ስንስማማ አንዱን ፈርመንበት ለፋብሪካው እንመልሳለን፤ 12ቱም በእሱ ልክ ይሠራሉ። ሌላው እኛ ጋ ይቀራል። ከመፈረማችን በፊት ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ጫሞ እንወርዳለን፤ 30 ፓውንድ የሚችል ክርና 40 ግራም ማባበያ ይዘን። ፊርማው እስከዚያ ይቆያል።