የሱሉልታው ጉባኤና የአባባ ከዘራ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ ገበያ ደርሼ የሱሉልታ ሚኒባስ ያዝኩ። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ብርድ አልለመድኩም። ማታ እህቴ "ጋቢውን ካልያዝሽ ከቤት አትወጪም" ብላ ስትጨቀጭቀኝ ስቄባት ነበር። ጠዋት ግን እስከ አፍንጫዬ ተጠቅልዬ መስኮቱ ጥግ ተቀመጥኩ።

የምሄደው ስለ ሰው አረማመድ ለሚመክር የሁለት ቀን ጉባኤ ነው። ዘርፉ ባዮሜካኒክስ ይባላል፤ አጥንት፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ ክብደትና ኃይልን እንዴት ተጋግዘው እንደሚችሉት ያጠናል። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የማየው ሰው ሲራመድ ነው። ታካሚው ከበሩ ተነስቶ ወንበሩ ጋ እስኪደርስ ግማሹን ታሪኩን በእግሩ ነግሮኛል። በዓይን አይቶ መገመትና መለካት ግን አንድ አይደሉም፣ እኔንም እዚህ ድረስ ያስመጣኝ እሱ ነው።

መኪናው የእንጦጦን ዳገት ሲይዝ ከባሕር ዛፉ መሃል እንጨት የተሸከሙ እናቶች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ገመዱ ደረታቸው ላይ ታስሯል፣ እንጨቱ በአግድሞሽ ከሁለቱም ጎናቸው ወጥቶ መንገዱን ይይዛል፣ እነሱ ደግሞ ከወገባቸው እጥፍ ብለው መሬት መሬቱን እያዩ በአጭር በአጭሩ፣ ቶሎ ቶሎ ይረግጣሉ። ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ወገባቸውን ትቼ እግራቸውን ሳይ ነበር። ጀርባው ላይ የተሸከመ ሰው የክብደቱ መሃል ወደ ኋላ ይሸሽበታል፣ ቀጥ ብዬ ልቁም ቢል በጀርባው ይወድቃል። መጎንበሱ ያንን ክብደት መልሶ እግሩ በረገጠበት ላይ ለማምጣት ነው። ከጎኔ የተቀመጡ እናት "አይ ምስኪኖች፣ ወገብ የላቸውም እኮ" አሉ። ከንፈራቸውን መጠጡ፣ እኔም መጠጥኩ።

ዳገቱ አልቆ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ስንወርድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጉም ገና ከሣሩ ሳይነሳ፣ አትሌቶች በአስፋልቱ ዳር በሰልፍ ይሮጣሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ትዝ አለኝ። ልጅ እያለ አሰላ አካባቢ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር፣ በግራ እጁ ደብተሩን ይዞ። ትልቅ ሯጭ ከሆነ በኋላም ያ ግራ ክንድ ደብተር እንደያዘ ሁሉ እጥፍ ብሎ ቀረ። ሰውነት የተሸከመውን አይረሳም።

ጉባኤው የተካሄደው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ሆቴል ውስጥ ነው። ፊዚዮቴራፒስቶች፣ ኢንጂነሮች፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ ባለሙያዎች፣ አሠልጣኞች፣ ተማሪዎች ነበርን። የመጀመሪያው ሰዓት ለብዙዎቻችን ክለሳ ሆነ። አንድ ተረከዝ መሬት ከነካበት ጊዜ ያው ተረከዝ ተመልሶ እስኪነካ ድረስ ያለውን እንደ አንድ ዙር እንቁጠረው። ከዚያ ውስጥ እግሩ 60 በመቶ ያህሉን መሬት ላይ ነው፣ 40 በመቶውን አየር ላይ። በየዙሩ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 10 በመቶ ገደማ፣ ሁለቱም እግሮች አብረው ይረግጣሉ። ሩጫ ላይ ይሄ የለም፣ እንዲያውም ሁለቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት አለ። በእግር ጉዞና በሩጫ መካከል ያለው ልዩነት ፍጥነቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ቀጥሎ አንዲት አቅራቢ ኬንያ ውስጥ የተሠራና በ1986 (እንደ አውሮፓውያኑ) ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አነሳች። ተመራማሪዎቹ የሉዎና የኪኩዩ ሴቶች ሸክም ይዘው ሲሄዱ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚጠቀሙ ለኩ። ሉዎዎቹ በአናታቸው ይሸከማሉ፣ ኪኩዩዎቹ በግንባራቸው ላይ በሚያልፍ ማሰሪያ በጀርባቸው። ከሰውነታቸው ክብደት 20 በመቶ እስኪደርስ ድረስ ምንም ተጨማሪ ጉልበት አላወጡም! ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሸክሙ ማስከፈል ይጀምራል። ጠዋት ያየኋቸው እናቶች መጡብኝ። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት 30 ኪሎ እንጨት ካነሳች 60 በመቶ ነው፣ ያውም ቁልቁለት እየወረደች። እጄን አውጥቼ ይሄንኑ ተናገርኩ። አዳራሹ ዝም አለ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ኢንጂነር "እናቴ በዚያ እንጨት ነው ያስተማረችኝ" አለ። ያንን ክፍለ ጊዜ መቼም አልረሳውም።

ከሻይ በፊት መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ጠፋ፣ ጀነሬተሩም አልነሳ አለ። አቅራቢው ሰውዬ ግን ምንም አልመሰለውም፣ ከመድረክ ወርዶ መሃላችን በአንድ እግሩ ቆመ። "ዳሌዬን እዩ" አለን። በአንድ እግር ስንቆም ሰውነታችን ወደ ሌላው ጎን ሊወድቅ ይላል። እንዳይወድቅ ከዳሌ ጎን ያለው ጡንቻ ይጎትታል። ችግሩ ርቀቱ ላይ ነው። ድንጋይ በድጅኖ የፈነቀለ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ድጅኖውን ጫፉ ላይ ከያዝከው ድንጋዩ ይነሳል፣ ወደ ድንጋዩ ተጠግተህ ከያዝከው ግን ወገብህ ይቆረጣል እንጂ ንቅንቅ አይልም። የዳሌ ጡንቻ የያዘው ያንን አጭሩን ጎን ነው። ስለዚህ ከሰውነታችን ክብደት እጅግ የሚበልጥ ኃይል መሳብ አለበት፣ የእሱ ጉተታና የሰውነታችን ክብደት ደግሞ ተደምረው መገጣጠሚያው ላይ ያርፋሉ። በርሊን ውስጥ ጌዮርግ በርግማንና ባልደረቦቹ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ውስጥ መለኪያ ቀብረው፣ ታካሚዎቹ በተለመደው ፍጥነት ሲራመዱ ጫናው በአማካይ ከክብደታቸው 2.4 እጥፍ ገደማ እንደሚሆን በ2001 አሳይተዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ አንዱ ዳሌው ላይ ከአንድ ኩንታል ከ40 ኪሎ በላይ ያርፍበታል ማለት ነው። ያለ መብራት ከሰማኋቸው ትምህርቶች ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

ሻይ ልጠጣ ስወጣ የግቢው ጥበቃ አባባ በሩን ሊከፍቱ ሲራመዱ አየኋቸው። ግራ ዳሌያቸው ነው። በግራ እግራቸው በረገጡ ቁጥር ደረታቸው ወደ ግራ ይጥላል። ከዘራውንም በግራ እጃቸው ነው የያዙት፣ እንደ አብዛኛው ሰው፣ በሚያማቸው በኩል።

ቀረብ ብዬ "አባባ፣ ዳሌዎትን ምን አገኘዎት?" አልኳቸው።

"ከጋሪ ወድቄ ነው ልጄ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ዶክተር ነሽ እንዴ?"

ሥራዬን ነገርኳቸው፣ ፈቃዳቸውንም ጠየቅኩ። አንዲት የሙያ ባልደረባዬ ሜትር አምጥታ ግቢው ውስጥ 10 ሜትር ለካን፣ ጫፍና ጫፉን በጠጠር ምልክት አደረግን። እኔ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። 16 ሰከንድ ፈጀባቸው፣ በሰከንድ 0.6 ሜትር ገደማ ነው። ጃክሊን ፔሪና ባልደረቦቿ በ1995 ስትሮክ ያጋጠማቸውን ሰዎች ለክተው ነበር። በሰከንድ ከ0.4 ሜትር በታች የሚራመዱት ከቤታቸው ብዙም አይርቁም፣ ከ0.8 በላይ የሆኑት ግን ሰፈሩ ውስጥ እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ ብለው ጻፉ። አባባ ስትሮክ የለባቸውም፣ ስለዚህ ያንን ቁጥር እንዳለ አልለጠፍኩባቸውም። ግን "አስፋልቱን ስሻገር መኪናው ይቀድመኛል ብዬ እፈራለሁ" ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

"ከዘራውን በቀኝ እጅዎ ይያዙት" አልኳቸው።

"የሚያመኝ እኮ ግራው ነው!"

ድጅኖውን ነገርኳቸው። ቀኝ እጃቸው ከግራ ዳሌያቸው ሩቅ ነው፣ እዚያ ሆነው መሬቱን ትንሽ ገፋ ቢያደርጉ ያ የደከመ ጡንቻ ብዙ ያርፋል። ገበሬ ስለነበሩ ከእኔ ቀድመው ገባቸው። ሌላው ችግር ግን ከዘራው ረዝሞባቸዋል። እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል መያዣው አንጓ ላይ መድረስ አለበት፣ የእሳቸው ግን ወደ ክርናቸው ተጠግቷል። ትንሽ ይቆረጥ ስላቸው ከዘራውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። "የአባቴ ነው። አይቆረጥም" አሉ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ደግሞም ልክ ናቸው።

በሁለተኛው ቀን በስልክ ቪዲዮ አረማመድ ስለሚለካው ኦፕንካፕ ሰማን። ሥራው የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ነው፤ ሁለት አይፎን ይበቃዋል። በብዙ ካሜራና ሰውነት ላይ በሚለጠፉ ኳሶች የሚሠራው ላብራቶሪ በቀላሉ ከመቶ ሺህ ዶላር ስለሚያልፍ፣ እንደኛ ላለ ሆስፒታል ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ቆልማማ እግር ሕክምናም ጥሩ ውይይት ነበር፣ እሱን ለብቻው እጽፈዋለሁ። ልቤ ግን በሩ ላይ ነበር። አባባ ማታውን ከባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ ዱላ ቆርጠው በአንጓቸው ልክ አድርገው መጥተዋል። የአባታቸው ከዘራ ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ "ለቤተ ክርስቲያን ነው" አሉኝ። ከሻይ ሰዓት እስከ ምሳ ጠጠሮቹ መሃል ሲመላለሱ ዋሉ፣ መጀመሪያ እጅና እግራቸው ይምታታ ነበር፣ ቀስ በቀስ ግን ተስማማላቸው። ከሰዓት ስንለካ 13 ሰከንድ። ደረታቸው ወደ ግራ መጣሉም ቀንሷል። ሐኪም ሄደው ራጅ መነሳት እንዳለባቸው አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ፤ ዱላው ጫናውን ያቀላል እንጂ ዳሌውን አያድንም።

ልሄድ ስል ጠሩኝ። "ባለቤቴ በግራ ነው የሚያዘው ብላ ትከራከረኛለች፣ እስቲ ጻፊልኝ።" ከጉባኤው ማስታወሻ ደብተር አንድ ወረቀት ቀደድኩና በትልልቁ ጻፍኩላቸው፦ "ዱላው በቀኝ እጅ። ግራ እግር ሲነሳ ዱላውም አብሮ ይነሳ።" ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ አጠፉትና ባርኔጣቸው ውስጥ ከተቱት።