የሳይንስ ቃላት በእጅ ሲዳሰሱ
ዛሬ እዚህ ጎንደር «ኦስሞሲስ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ከመጻፌ በፊት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁትን ድንች በቀጫጭኑ ቆራርጠው ግማሹን በንጹሕ ውኃ፣ ግማሹን ጨው በበዛበት ውኃ እንዲዘፈዝፉት አደረግሁ። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ሲያወጡት በጨው ውኃ የቆየው ተልፈስፍሶ ሲጣጠፍ፣ በንጹሕ ውኃ የቆየው ግን ጠንክሮ ቀጥ አለ። ውኃው ከሴሎቹ ወጥቶ ወደ ጨዋማው መሄዱን ተከራክረው ከደረሱበት በኋላ ነው ስሙን የነገርኳቸው። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ የተልፈሰፈሰውን ድንች ጣቷ ላይ እንደ ቀለበት ጠቅልላ «ቲቸር፣ ውኃው የወጣው በኦስሞሲስ ነው ማለት ነዋ!» ስትለኝ በጣም ደስ አለኝ።

ቃልን በደብተር ደጋግሞ መገልበጥ ጥቅም የለውም አልልም፤ ሆኖም እጅ ያልነካው ስም ከፈተና ማግስት ሲተን በየዓመቱ አያለሁ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ካጠናነው አብዛኛው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ ነገ ቃሉንና ፍቺውን ለየብቻ የጻፍኩባቸውን የካርቶን ቁርጥራጮች እየተዘዋወሩ ያዛምዳሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ዲፊውዥንን (ቅንጣቶች ከበዙበት ወደ አነሱበት መሰራጨታቸውን) ጨምረን እንደግመዋለን። ቤተ ሙከራ የሌላችሁ የሙያ አጋሮቼም ድንችና ጨው አያጣችሁምና እባካችሁ ሞክሩት።