አቼቶ የገባበት ዶሮ

እናቴ ዶሮ ስትገነጥል ቢላዋዋ መንገዱን ያውቀዋል። 12ቱም ብልት ቅርጹን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ያን እሑድ ታፋውን ከነአጥንቱ ለሁለት ስሰብረው ፊቷ ምን እንደመሰለ አስቡት።

«ፈረሰኛውስ የታል? ለአባትሽ ምን ልሰጠው ነው?»

ጥር 2013 ዓ.ም. ነበር። ከቤሩት ሀዋሳ ከገባሁ አምስት ወሬ። በአምስት ወር ውስጥ ምድጃ አጠገብ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው፤ እሷም ደስ ብሏት ይሁን ጨንቋት እንጃ፣ ከወጥ ቤት አልወጣ አለች።

ቤሩት ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። በ150 ዶላር ጀምሬ 200 ደርሼ ነበር። ከዚያ የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ። ለዓመታት አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ ግድም ይመነዘር የነበረው፣ በ2012 ክረምት ጥቁር ገበያ ላይ ከ7,000 አለፈ። ማዳም መጀመሪያ ደሞዜን በሊራ አደረገችው። ቀጥላ «ባንኩ ገንዘባችንን ይዞብናል፣ ታገሺ» ማለት ጀመረች። ባንኩስ እውነትም ይዞባቸው ነበር፤ ግን እኔስ? ጥዬ እንዳልወጣ ከፋላ የሚሉት አሠራር አለ። የመኖሪያ ወረቀትሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው፤ ሳትፈቅድ ወጣሽ ማለት ሕገወጥ ሆንሽ ማለት ነው። የስምንት ወር ደሞዜ እንደቀረ ቀረ። ሐምሌ 28 ወደቡ ሲፈነዳ የወጥ ቤታችን መስታወት እላዬ ላይ ረገፈ። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፈው ይሆናል።

በአንዲት ሻንጣ ገባሁ። ጎረቤት «እንኳን በሰላም መጣሽ» ይልና ዓይኑ ሻንጣዋ ላይ ይቀራል። ቀድሜ የላክሁት ብር የታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ሆኗል፤ ባጃጇም ያን ሰሞን ሞተሯ ወርዶ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ስወጣ ስገባ እሷን አያታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ማዳም ቤት የምበላው ቆሜ ነው፤ እነሱ ሲጨርሱ፣ ዕቃ እያጠብኩ። እዚህም አልለቀቀኝም። ትሪው ቀርቦ ሲጠሩኝ «በልቻለሁ» እላለሁ። ሁሉም ሲነሳ ወጥ ቤት እገባና ቆሜ ከድስቱ እጠቅሳለሁ። እናቴ አይታኛለች። አንድም ቀን «ምነው?» አላለችኝም። ብቻ ማታ ማታ ከድስቱ አጠገብ ሁለት እንጀራ ሸፍና ማስቀመጥ ጀመረች።

ወደ ዶሮው ልመለስ። ያስተማረችኝ ቤሩት ፊት ለፊታችን ያለው ቤት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ናት። ቆሻሻ ልንጥል ስንወጣ ደረጃው ላይ እንገናኛለን። የምናወራው በተሰባበረ ዐረብኛ ነው፤ ከማዳሞች የተማርነው ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «ኢንቲ»፣ አንቺ፣ እንላለን። አንድ ቀን በላስቲክ ዕቃ ነጭ ሩዝና ጥቁር መረቅ ያለው ዶሮ አቀበለችኝና «ካይን ታዮ» አለች። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት እጇን ወደ አፏ አሳየችኝ። እንብላ ማለት ነው። እነሱም እንደኛው ሰው እያየ ዝም ብለው አይበሉም። በዚያ ፎቅ ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ «እንብላ» ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ምግቡ አዶቦ ይባላል። ስሙ የስፓኝ ነው፤ ሥጋ በአቼቶና በጨው ማቆየቱን ግን ፊሊፒኖች ስፓኞች ሳይመጡም ያውቁበት ነበር። ሶይ ሶሱ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ጥቁር ጨዋማ ማጣፈጫ፣ ከቻይና ነጋዴዎች ጋር የገባ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ራስ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት፣ ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ አቼቶ፣ ሶይ ሶስ፣ ዶሮ። አቼቶው ከገባ በኋላ እስኪፈላ ማማሰያ አይነካውም፤ ከተነካ ጥሬ ጥሬ ይላል ባይ ናት ጓደኛዬ። ይህን ለእናቴ ማስረዳት ነበር ፈተናው። ሳታማስል ወጥ የሠራች ሴት አይታ አታውቅም። ሁለት ጊዜ እጇን ያዝኩ።

ሩዙን ደግሞ በጣቴ ለካሁት። ጣት ሩዙ ላይ ይቆማል፣ ውኃው እስከ መጀመሪያው አንጓ ይደርሳል። ጨው የለውም፤ ጨዉ ከመረቁ ነው የሚመጣው።

«ጨው የሌለው ሩዝ? የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

ስህተቴ ዶሮው ላይ ነው። የፈረንጅ ዶሮ ቢሆን በ40 ደቂቃ ይደርስልኝ ነበር፤ እኔ የገዛሁት ግን አሮጌ የሐበሻ አውራ ዶሮ ነው። ሁለት ሰዓት ፈጀ። መረቁ እየደረቀ፣ እኔ ውኃ እየጨመርኩ። ወንድሜ በበሩ ብቅ ብሎ «ኮካ ነው የምትቀቅሉት?» አለና ሄደ።

ሲቀርብ እናቴ ሩዙን ከነዶሮው እንጀራ ላይ ገለበጠችው። ልከራከር ነበር፤ ተውኩት። አባቴ ቀመሰና «አሮስቶ ነገር ነው» አለ። እሱ ዘንድ ትልቅ ሙገሳ ነው። ወንድሜ ሚጥሚጣ አስመጣ።

እኔ ቆሜ አሳልፋለሁ። ውኃ ላመጣ ስዞር እናቴ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ቁልቁል ሳበችኝ። ወደኔ አላየችም፤ ከአባቴ ጋር ስለ ባጃጇ ሞተር ወሬዋን ቀጠለች። ተቀመጥኩ። ከዚያ በትልቁ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ሩዝ ጉርሻ አይሆንም፤ ግማሹ አገጬ ላይ ተበተነ። ወንድሜ ሳቀብኝ፣ እኔም አፌን ሞልቼ ሳቅሁ።

ማታ ፎቶውን ለጓደኛዬ በዋትስአፕ ላክሁላት። እሷም አገሯ ገብታለች። ቶሎ መለሰች፣ በዚያው በዐረብኛችን፤

«ሾርባ ነው የሠራሽው?»