ግራኝ ሆኜ ጊታር ላይ ግራ የገባኝ ጊዜ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ጥርሴን የምቦርሸውም፣ መዶሻ የምይዘውም በግራዬ ነው። መቀስ ግን በቀኜ ነው። ልጅ ሆኜ እጄ የገባው መቀስ ሁሉ ለቀኝ እጅ የተሠራ ስለነበር ሳላውቀው ለመድኩት። ጊታር ልማር ስነሳም በውስጤ የነበረው ይኸው የመቀስ ሒሳብ ነው፦ «ይለመዳል፣ ምን አለው!»

ስምንት ወር ሞከርኩ። አልተለመደም።

መጀመሪያ የተማርኩበት ጊታር የተውሶ ነበር፣ የቀኝ። ወፍራሙ ክር ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች፤ ግራ እጅ አንገቱን ይዞ ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) ይጫናል፣ ቀኝ እጅ ክሩን ይመታል። ግራኝ መሆኔን ለአስተማሪዬ ስነግረው ፊቱ በራ። «አንተማ ታድለሃል! ኮርድ የሚይዘው ግራ እጅ አይደል? ከባዱን ሥራ የሚሠራልህ ጎበዙ እጅህ ነው» አለኝ። አመንኩት። ነገሩ ሲሰሙት እኮ ልክ ይመስላል። (ግራኝ ሆናችሁ ጊታር ለመጀመር ያሰባችሁ ሁሉ ይህችን ከአንድ ሰው መስማታችሁ አይቀርም፤ ተዘጋጁ።)

እውነትም ግራ እጄ ፈጠነ። በሁለት ወር ውስጥ ከሲ ኮርድ ወደ ጂ፣ ከጂ ወደ ዲ ሳላይ እቀያይር ጀመር። ብዙ ጀማሪ የሚማረርባትን ኤፍን እንኳ፣ አንድ ጣት ስድስቱም ክር ላይ ተጋድሞ የሚጫንባትን ማለቴ ነው፣ በሦስተኛው ወር ድምፅ አወጣኋት። መከራው ቀኝ እጄ ጋ ነበር። ታች፣ ታች ላይ፣ ላይ ታች ላይ የምትል የጀማሪ ምት አለች አይደል? እሷን ሜትሮኖሙን፣ ጊዜ የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ በደቂቃ 70 ምት ላይ አድርጌ ስሞክር፣ መሃል ላይ ስደርስ እጄ ቆም ይልና ያስባል። እጅ ማሰብ ከጀመረ ደግሞ ምቱ አለቀለት። አንድ ቀን ራሴን በስልክ ቀድቼ ሰማሁት። ኮርዶቹ ጥርት ብለዋል፤ ምቱ ግን ደረጃ ሲወርድ አንድ እርከን የሳተ ሰው ነው የሚመስለው። አስተማሪዬ «ልምምድ ነው» አለ። ልምምድ ጨመርኩ። ብሶ አረፈው።

አንድ ማታ ተናድጄ ጊታሩን ጭኔ ላይ ገለበጥኩት። አንገቱ ወደ ቀኝ ዞረ። እንደዚያ ሆኖ ኮርድ መያዝ ስለማልችል ቀኝ መዳፌን ክሮቹ ላይ ጣል አድርጌ ድምፃቸውን አፈንኩና በግራዬ ዝም ብዬ መምታት ጀመርኩ። ቸክ፣ ቸካ፣ ካቸካ። ያቺ ስምንት ወር ያንገላታችኝ ምት አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መጣች። መምጣቷን ያወቅኩትም ጭንቅላቴ አብሮ ሲወዛወዝ ነው። ከዚያ ፒኩን፣ ክር የሚመታባትን ትንሽ ቁራጭ፣ አየሁት። በቀኜ ስይዘው ሁልጊዜ የአውራ ጣቴ ጥፍር እስኪነጣ ነበር የምጨብጠው፤ በግራዬ ግን ልትወድቅ እስክትል ላላ አድርጌ ይዣታለሁ፣ ማንም ሳይነግረኝ።

የአስተማሪዬን ነገር መልሼ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ከባዱ ሥራ ኮርድ መያዝ ከሆነ፣ በቀኛቸው የሚጽፉት ሰዎች ለምን ኮርዱን በቀኛቸው አይዙትም? ከአሥር ሰው ዘጠኝ ያህሉ ቀኝ እጁ ነው የሚቀድመው። ጊታርም የተሠራው ለእነሱ ነው። ታዲያ እነሱ ጎበዙን እጃቸውን የት አስቀመጡት? መምቻው ጋ። ኮርድ የሚይዘው እጅ ጣቱን ቦታው ላይ ማድረስ ነው ሥራው፤ ከባድ ነው፣ ያማል፣ ግን ለሁሉም ሰው እኩል እንግዳ ነገር ነው፣ በድግግሞሽ ይመጣል። ጊዜውን የሚጠብቀው፣ የት ጠንከር የት ለስለስ እንደሚል የሚወስነው የሚመታው እጅ ነው። በእኔ ጉዳይ ይህ እጅ ግራዬ ነው። አለቀ።

የቢትልሱ ፖል ማካርትኒም ልጅ ሆኖ እዚሁ ችግር ውስጥ ገብቶ ነበር። በቀኝ ጊታር አልሆንልህ ብሎት ሳለ፣ ስሊም ዊትማን የሚባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ ጊታሩን በግራ ይዞ ፎቶ ላይ ያየዋል፤ ለካ ይቻላል ብሎ ክሮቹን ገልብጦ አሰራቸው። ዊትማን ራሱ ደግሞ ግራኝ ስለሆነ አይደለም እንደዚያ የያዘው። የግራ እጁ ጣት በሥራ ላይ አደጋ ስለተቆረጠ ነው።

እኔም ክሮቹን ልገለብጥ ተነሳሁ። ጊታሩን ያዋሰኝ ወዳጄ «ያንተ ነው፣ የፈለግከውን አድርገው» ብሎኝ ነበርና ስድስቱንም ፈታሁና አዙሬ አሰርኳቸው። የግማሽ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር።

አንገቱ ጫፍ ላይ፣ ከመቃኛ ቁልፎቹ ዝቅ ብላ፣ ስድስት ስንጥቅ ያላት ትንሽ ነጭ ቁራጭ አለች፤ ነት ይሏታል። እያንዳንዱ ስንጥቅ ለየክሩ ውፍረት ተለክቶ የተሞረደ ነው። የኔ ቀጭኑ ክር 0.30 ሚሊሜትር ነው፤ ወፍራሙ 1.35። ወፍራሙ የቀጭኑ ስንጥቅ ውስጥ አልገባም ብሎ ጠርዙ ላይ ተሰቀለ። ቀጭኑ ደግሞ በወፍራሙ ስንጥቅ ውስጥ ልጅ የአባቱን ጫማ እንዳደረገ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሲመታ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ያወጣል። በሦስተኛው ቀን ሞቅ ብሎኝ ስመታ ወፍራሙ ክር ከነአካቴው ተስፈንጥሮ ወጣ። ደነገጥኩ፤ የተበጠሰ መስሎኝ ነበር።

ባለሙያ አዲስ ነት ሠራልኝ። አሁንም አልሆነም። ክፍቱን ክር፣ በጣት ያልተጫነውን፣ ስቃኘው ልክ ነው፤ ወደ ሰውነቱ ጠጋ ብዬ፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከሚያልፉት የብረት ዘንጎች አንዱ) አካባቢ ስጫን ግን ይስታል። ለካ ታች ብሪጁ ላይ፣ ክሮቹ ሰውነቱ ላይ በሚታሰሩበት ቁራጭ ላይ፣ ክሮቹ የሚያርፉባት ዘንግም ሰያፍ ናት፤ ለወፍራሞቹ ክሮች ጥቂት ሚሊሜትር ርዝመት ትጨምራለች። እኔ ስገለብጠው ወፍራሙ ክር አጠረ፣ ቀጭኑ ረዘመ። ስለዚህ ስጫናቸው ወፍራሙ ከልኩ ወደ ላይ፣ ቀጭኑ ወደ ታች ይሸሻል። ሰባት ጊዜ ቃኝቼዋለሁ፣ ጥፋቱ የጆሮዬ መስሎኝ።

ስለዚህ የቀኝ ጊታር ልትገለብጡ ካሰባችሁ፣ ናይለን ክር ያለውን ክላሲካል ብትመርጡ ይሻላችኋል። የእሱ ማረፊያ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለ ስለሆነ ነቷን ማስቀየር ይበቃል። ኤሌክትሪክ ከሆነ እያንዳንዱ ክር ማረፊያው ለብቻው ወደ ፊት ወደ ኋላ ስለሚል ቅኝቱ ይስተካከላል፤ ግን የድምፅ ቁልፎቹ ክንዳችሁ ሥር ይገባሉ፣ ሳታስቡት እየነካችሁ ድምፁን ትቀንሱታላችሁ። ጂሚ ሄንድሪክስ እንደዚያ የተገለበጠ ጊታር ይዞ ነው ዓለምን ያስደመመው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ሄንድሪክስ አይደለሁም።

መጨረሻ ላይ ለግራኝ የተሠራ ጊታር ገዛሁ። ምርጫው ጠባብ ነው፤ ለቀኝ ሃያ ዓይነት በተደረደረበት የግራ አንድ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ እሱንም ሳትሞክሩ በፎቶ አይታችሁ ልትገዙ ትችላላችሁ። ይህ እስካሁንም የሚያበሳጨኝ ነገር ነው።

ከዚያ እንደገና ከዜሮ። ኮርዶቹን ጭንቅላቴ ያውቃቸዋል፣ ቀኝ ጣቶቼ ግን አያውቁም። የግራ ጣቶቼ ጫፍ ጠንክሮ ነበር፤ የቀኞቹ የሕፃን ጣት ናቸው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥዝጥዝ እያለ ያመኛል። ኤፍ ጠፋች። ሲ እንኳ ጠፋች። «ስምንት ወሬን ገደል ከተትኩ» ብዬ ያሰብኩባቸው ማታዎች አሉ። አራት ወር ያህል ፈጀብኝ ኮርድ ላይ ወደ ነበርኩበት ለመመለስ። ምቱ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አብሮኝ ስለነበር፣ ሁለት ኮርድ ብቻ ይዤ እንኳ የምጫወተው ነገር ዘፈን ይመስል ነበር። ከዚያ በፊት ስምንት ኮርድ ይዤ አይመስልም ነበር።

የፈራሁት አንዳንዱ ነገር ቀላል ሆኖ ነው ያገኘሁት። የኮርድ ሥዕሎች ሁሉ ለቀኝ የተሣሉ ናቸው፤ በሳምንት ውስጥ ገልብጦ ማየት ይለመዳል። ታብ የሚባለው የቁጥር አጻጻፍማ ምንም አይለወጥም፤ የክሩንና የፍሬቱን ቁጥር ነው የሚነግራችሁ፣ እጃችሁን አይደለም። በቀኝ የሚጫወት አስተማሪ ፊት ለፊት ስትቀመጡ ደግሞ መስታወት እንደማየት ነው፤ እንዲያውም ከሌሎቹ ተማሪዎች ይልቅ ለእኛ ይቀላል።

ሦስተኛም መንገድ አለ። የቀኙን ጊታር ክሩን ሳይነኩ እንዲሁ ገልብጦ መጫወት። የብሉዝ ጊታሪስቱ አልበርት ኪንግ እንደዚያ ነበር፤ ሌላው ወደ ላይ የሚገፋውን ቀጭን ክር እሱ ወደ ታች ይስበዋል። የፎክ ዘፋኟ ኤልዛቤት ኮተን ደግሞ የወፍራሞቹን ክሮች ድምፅ በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ትመታ ነበር፤ ከሌላው ሰው ተቃራኒ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ማንኛውንም ጊታር አንስታችሁ መጫወት ትችላላችሁ። ጉዳቱ የሚያስተምራችሁ ሰው ማጣት ነው። ሁሉንም ኮርድ ራሳችሁ መፈልሰፍ አለባችሁ። እኔ ሰነፍ ነኝ፣ አልደፈርኩትም።

አንድ ነገር ግን እንዳታጣምሙብኝ። ግራኝ ሁሉ በግራ ይጫወት እያልኩ አይደለም። የዳየር ስትሬትስ ባንዱ ጊታሪስት ማርክ ኖፕፍለር ግራኝ ነው፣ በቀኝ ነው የሚጫወተው። የሮክና ብሉዝ ጊታሪስቱ ጋሪ ሙርም እንደዚያው ነበር። የሚመታው ቀኝ እጃችሁ ካልተንተባተበ፣ በተለይ ዓመት ሁለት ዓመት ከተጫወታችሁ፣ ባላችሁበት ቆዩ፤ የጊታር ምርጫችሁም ሰፊ ይሆናል። የምትጽፉበትን እጅ ብቻ አይታችሁ ግን አትወስኑ። ገና ያልጀመራችሁ ከሆነ እኔ ያላደረግኩትን አድርጉ፦ ክሮቹን በመዳፍ አፍናችሁ፣ የምትወዱትን ዘፈን ከፍታችሁ፣ አንድ ጊዜ በዚህ አንድ ጊዜ በዚያ ይዛችሁ አብራችሁ ምቱ። አሥር አሥር ደቂቃ፣ ለአንድ ሳምንት። ኮርድ ለመያዝ አትሞክሩ፣ ያዘናጋችኋል። የትኛው እጅ ሳታስቡ ከዘፈኑ ጋር እንደሚሄድ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ሁለቱም እኩል ከሄዱላችሁ ደግሞ ያለ ማመንታት ቀኝን ያዙ፤ ለምን ትቸገራላችሁ?

እኔን የቆጨኝ መቀየሬ ሳይሆን ስምንት ወር መጠበቄ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቀኝ እጄ ሲያስብ ይታወቀኝ ነበር እኮ። አስተማሪን መጠየቅ ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ።

አሁን የቀረኝ አንድ ችግር ሰው ቤት ስሄድ ነው። ጊታር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔ ጋ ይደርስና «አይ፣ የኔ የግራ ነው» ማለት ሰለቸኝ። ስለዚህ ተገልብጦ የሚያዝ ሦስት ኮርድ ተማርኩ። ኢ ማይነር ሁለት ጣት ብቻ ነው፤ ኢ ላይ አንድ ይጨመራል፤ ኤ ላይ ደግሞ ሦስቱም ጣቶች አንድ ፍሬት ላይ ይሰለፋሉ። ወደ ታች ስመታ ቀጭኑ ክር ይቀድምና ወፍራሙ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፣ ትንሽ የተገለበጠ ድምፅ አለው። እስካሁን «ምነው?» ያለኝ ሰው የለም። አራተኛ ኮርድ የሚፈልግ ዘፈን ከመጣ ጊታሩን ለቀጣዩ ሰው አቀብላለሁ።