ከደራሲዬ ጋር ተኳረፍን

ዛሬ ከሰዓት ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ የምወዳትን ደራሲ አዲስ ልቦለድ ገለጥኩ። ስንት ወር የጠበቅኩት! 30 ገጽ ሳልደርስ ማዛጋት ጀመርኩ። ያው ነው፤ ልቧ የተሰበረ ልጅ ወደ ትንሿ ከተማ ትመለሳለች፣ የአያቷን ዳቦ ቤት ትረከባለች፣ ኩርፊያ የሚወድ አናጢ ጎረቤት አለ። ውሻም አለው። (የውሻው ስም አዲስ ነው፣ እሱን ልመስክርላት።) ድሮ እኮ መብራት ሲጠፋ በስልኬ መብራት ነበር የምጨርሳቸው። አሁን ግን ኪራይ የሚጨምር አከራይ የሌለበት፣ ሐሜቱ ሁሉ ለበጎ የሆነ ትንሽ ከተማ አልዋጥልህ አለኝ። እኔ እኮ ትንሽ ከተማ ነው ያደግኩት!

አጠገቤ አንድ አባ ኮዳ (ያ ትልቁ ወፍ) በዓሣ አጥንት ከውሻ ጋር ተፋጧል። መጽሐፉን ዘግቼ እነሱን ሳይ አመሸሁ። የባጃጅ መልስ 10 ብሬ ገጽ 34 ላይ ዕልባት ሆና ቀርታለች።