ከአራት ቀለም ስር የወጣው ዋንዛ

ባለፈው ከፓሌት (የጭነት ዕቃ ከሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ) የሠራሁትን ጠረጴዛዬን ሳሳያችሁ «ቀጥሎስ?» ብላችሁኝ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ኮመዲኖ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሰማሁና ወጣሁ። ልጁ ከጆንያው ሌላ አንድ አሮጌ ኮመዲኖ በትከሻው ተሸክሟል። አንድ እግሩ ተሰብሯል። አረንጓዴ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተልጧል። ልጁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወስዶ ሊሸጠው ነበር። አስወረድኩትና መሳቢያውን በግድ ሳብ አደረግኩት። የመሳቢያው ጥግ ላይ ሚስማር የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ እንጨቶች እንደ ጥርስ ተነካክሰው ነው የተገጠሙት። እንዲህ የሚገጥም ሰው መናኛ እንጨት ላይ አይደክምም ብዬ 350 ብር ከፈልኩ።

በፓሌቱ ጊዜ የተማርኩትን ላስታውሳችሁ፣ አዲስ የገባችሁ አላችሁና። እንጨቱ ውስጡ እርጥብ እያለ ቀባሁት፤ በሁለት ወሩ ቀለሙ ተሰነጣጠቀ፣ መጋጠሚያውም ከፈት አለ። ስለዚህ ፓሌት ስታገኙ ፀሐይና ነፋስ ባለበት፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆዩት። ማኅተሙንም እዩ። «ኤችቲ» (HT) የሚል ካለበት በሙቀት የታከመ ነው፤ የእንጨቱ እምብርት ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። «ኤምቢ» (MB) የሚለው ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው። እሱን ቤት አላስገባም።

ወደ ኮመዲኖው ልመለስ። እሑድ በረንዳ ላይ አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ጀመርኩ። ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቴ ወረዱ። ዕድሜያቸውን በሙሉ አናጢ የነበሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ የድሮ ቀለም ነው። ደረቁን አትፈትጊው፤ ብናኙን ትስቢዋለሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ በጣም ጎጂ ነው። ልጅ ያላችሁ እባካችሁ ይህን አትለፉት።

«ታዲያ በምን ልፋቀው ጋሼ?» አልኳቸው። የመስኮት መስታወት ስብርባሪ ይዘው መጡ። ለካ የድሮ አናጢዎች የሚፍቁት በዚህ ነው። ፕላስቲክ አነጠፍን፣ የቆዳ ጓንትና ማስክ አደረግሁ፣ ቀለሙን በውሃ እያረጠብኩ በመስታወቱ ጠርዝ ወደ ራሴ ሳብ ሳብ አደርገው ጀመር። ቀለሙ እንደ ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወርዳል። አረንጓዴው ሲነሳ ሰማያዊ መጣ። ከሰማያዊው ስር ክሬም፣ ከክሬሙ ስር ደግሞ ቡናማ ቀለም። ስንት ቤት እንደዞረ እያሰብኩ ሦስት ቀን ከሥራ መልስ ፋቅሁ። የወረደውን ቀለም ሳይደርቅ ከፕላስቲኩ ጋር ጠቅልዬ አስወገድኩ።

ረቡዕ ማታ የላይኛው ገጽ ንጹሕ እንጨት ሆነ። ጋሼ ጣታቸውን ውሃ ነክረው አሹት። የረጠበው ቦታ ወደ ቀይ የሚያደላ ጠይም ሆነ፣ በመሃሉ ጠቆር ያሉ መስመሮች እንደ ጅረት ተዘረጉ። «ዋንዛ!» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እኔ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ እንጨት በአራት ድርብ ቀለም ታፍኖ መኖሩ አሳዝኖኝ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር ወስኛለሁ፤ ከስሩ ምን እንዳለ ሳላይ የማንንም አሮጌ ዕቃ ቀለም አልቀባም። ቺፕውድ ከሆነ ይቀባ፤ ውሃ ከነካውም ያብጣል፣ ብዙ አያሳዝንም። ዋንዛና ዝግባ ግን ተፍቆ እንደገና አዲስ ይሆናል።

ውሃ የነካው እንጨት ፀጉሩ ስለሚቆም ሁለት ቀን አደረቅሁት። ከዚያ ከሻካራው ጀምሬ በ80 ቁጥር፣ በ120፣ መጨረሻ በለስላሳው በ220 ብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ።

ለተሰበረው እግር ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ቤት የዋንዛ ቁርጥራጭ ለመንኩ፤ በነፃ ሰጡኝ። ማጥበቂያ መሣሪያ የለኝም። በኮላ ለጥፌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በስሱ ቆርጬ እየወጠርኩ ጠመጠምኩበትና አንድ ቀን ሙሉ ተውኩት። ምንም አልተንቀሳቀሰም። የቀሩትን ቀዳዳዎች የራሱን ሰጋቱራ ከነጭ ኮላ ጋር ለውሼ ደፈንኳቸው። መሳቢያው በሚንሸራተትበት ቦታ ሻማ አሸሁበት፤ አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል። እጀታው ከአሮጌ የቆዳ ቀበቶ የተቆረጠ ነው።

የተሳሳትኩት ማለስለሻው ላይ ነው። የንብ ሰም በጣም ስለምወድ ሁሉንም ቦታ በሰም አሸሁት። ሽታው ቤቱን ሞላው፣ እንጨቱም አማረ። እሑድ ቡና ተፈላ። ጀበናውን ያለ ማቶት ለአንድ አፍታ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጥኩት። ሳነሳው ክብ ነጭ ምልክት ቀረ። ሰም ሙቀት አይችልም። በሰም ላይ ደግሞ ቫርኒሽ አይይዝም፤ ስለዚህ የላዩን ሰም በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) አጥቤ፣ እንደገና በ220 ፈትጌ፣ በየቀኑ አንድ አንድ ጊዜ ሦስት እጅ ስስ ቫርኒሽ ቀባሁት። ጎኑና መሳቢያው በሰሙ ቀሩ። ትኩስ ነገር የሚያርፍበትን በቫርኒሽ፣ እጅ የሚዳስሰውን በሰም ብትሉ ይሻላችኋል።

ጠቅላላ ወጪዬ 1,140 ብር ነው፣ ኮመዲኖው ራሱ ተጨምሮ። ጋሼ ትናንት መጥተው በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ መሳቢያውን ከፈት ዘጋ አደረጉና «የማን እጅ እንደሆነ ባውቅ» አሉ፣ የመጀመሪያውን አናጢ ማለታቸው ነው። ሳላስበው ከስሩ ገልብጬ ፊርማ ፈለግኩ። የለም። የእርሳስ መስመር ብቻ አለ፣ ሊቆርጥ ሲል ያሰመረው።

አሁን ከፈራሽ ቤት ያገኘሁት የመስኮት ክፈፍ ግድግዳ ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል፤ መስታወት አስገብቼ መግቢያው ላይ ልሰቅለው ነው። የዛጉ ማጠፊያዎቹን ዛሬ ማታ አቼቶ ውስጥ ነክሬያቸዋለሁ። ጠዋት በሽቦ ብሩሽ እፈትጋቸዋለሁ። ከእናንተ መሃል የድሮ ናስ ማጠፊያ ያጸዳ ካለ በምን እንዳጸዳው ይንገረኝ፤ ከስድስቱ ሁለቱ ናስ ይመስሉኛል፣ እነሱን ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ።